ሎራ ናይት ሥዕል ውስጥ ጀርባዋን የሰጠችው ሴት ማን ናት?

የሰኞ ጎብኚ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ስለ ሥዕል የሚገባቸው ሰዎች እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የምጠይቀው።

ለንደን ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ ውስጥ ሎራ ናይት በ1913 የሣለችው አንድ ትልቅ ሥዕል አለ። ሠዓሊዋ ቀይ ሹራብ ለብሳ፣ ባርኔጣ ደፍታ፣ ሥራ ላይ ናት። እዚያው ራቁቷን የቆመች ሴት አለች። ሸራው ላይ ደግሞ ያችኑ ሴት እየሣለቻት ነው። ስለዚህ ሴትዮዋን ሁለት ጊዜ እናያታለን። ሁለቱንም ጊዜ ግን የምናየው ጀርባዋን ነው።

አብሮኝ የነበረው ሰው «ተከፍሏት የቆመች ሞዴል ናት» ብሎ አለፈ። እኔ ግን ርዕሱን አነበብኩት። ስሟ ተጽፏል፤ ኤላ ኔፐር ይላል። ቤት ገብቼ ስፈልግ ጌጥ ሠሪም፣ ሸክላ ሠሪም፣ ሠዓሊም ነበረች የሚል አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ተመልሶ ወደ ሎራ ይሄዳል።

የሚያውቅ ካለ ንገሩኝ። ይህች ሴት ምን ሠራች? ሥራዋን ለማየት የት ልሂድ? ደግሞስ በራሷ የምትጠራ ባለሙያ ናት ወይስ የታዋቂ ሰው ጓደኛ ስለሆነች ብቻ ነው ስሟ የተረፈው?

አሮጌ ብሩሽ

ልጄ፣ ሥዕሉ ለምን ያን ያህል እንዳነጋገረ ካላወቅሽ የኤላ ነገርም አይገባሽም። ከዚያ ልጀምርልሽ።

ሎራ ናይት ኖቲንግሃም የሥዕል ትምህርት ቤት የገባችው በ13 ዓመቷ ነው። ወንዶቹ ራቁት ሞዴል አቁመው ይሥላሉ። እሷና ሴቶቹ ግን ድርሻቸው የጄሶ ሐውልት መገልበጥ ነበር። እርቃን ገላ ማየት ለሴት ልጅ ነውር ነው ተብሎ። ሮያል አካዳሚ፣ ማለትም የእንግሊዝ ታላቁ የሠዓሊዎች ማኅበርና ትምህርት ቤት፣ ራሱ ለሴት ተማሪዎቹ ሞዴል የፈቀደው በ1893 ነው፤ ያውም ሞዴሉ ገላውን በከፊል ሸፍኖ።

እንግዲህ ያች ልጅ አድጋ፣ አንድ ሜትር ተኩል ቁመት ያለው ሸራ አቁማ፣ ራሷን ራቁት ሴት ስትሥል ሣለች። «ከለከላችሁኝ፣ ይኸው» እንደማለት ነው። ሮያል አካዳሚ አልሰቅልም አለ። የዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጣው ሐያሲ ክሎድ ፊሊፕስም አሰልቺ ነው፣ ለብልግና የቀረበ ነው ብሎ ጻፈበት። ያው አካዳሚ በ1936 ሙሉ አባል አድርጎ መረጣት። በ1768 ሲመሠረት ከነበሩት ሁለት ሴቶች በኋላ ሌላ ሴት ሙሉ አባል ስትሆን የመጀመሪያዋ እሷ ነች። በ1970 አረፈች፣ ጋለሪው ሥዕሉን የገዛው በ1971 ነው።

ኤላን በተመለከተ፣ ጎረቤቷ ነበረች፣ ወዳጇ ነበረች፣ ቆመችላት። ጌጥ ትሠራ ነበር፣ አልካድኩም። ግን እውነት እንነጋገር ከተባለ ሚዶና ብሮሽ (ልብስ ላይ የሚሰካ ጌጥ) ከእንዲህ ያለ ሸራ ጋር እኩል አይመዘንም። አትቆጡኝ።

እሳትና ብርጭቆ

ጋሼ አሮጌ ብሩሽ፣ አልቆጣም። ግን እንዲሁ አላልፍዎትም።

እኔ እዚሁ እንግሊዝ አገር ጌጥ በመጠገን ነው የምኖረው። ኢናሜል፣ ማለትም ባለቀለም ብርጭቆን ብረት ላይ ማቅለጥ፣ የተማርኩት ማታ ማታ ነው። ስለዚህ ወገንተኛ ነኝ፤ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

የሰኞ ጎብኚ፣ እህቴ፣ የሕይወቷን ነገር ቶሎ ልጨርስልሽ። ኤላ ሉዊዝ ቻምፒየን ነበር የአባቷ ቤት ስሟ። በ1886 ለንደን፣ ቻርልተን ተወለደች። በ1904 ካምበርዌል የሥነ ጥበብና የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ገባች። ቤቱ ያኔ ከተከፈተ ስድስት ዓመቱ ነበር። ጊዜው «አርትስ ኤንድ ክራፍትስ» የሚባለው እንቅስቃሴ የገነነበት ነው። የእነ ዊልያም ሞሪስ ሐሳብ ነው። ፋብሪካ ዕቃውንም ሠራተኛውንም አበላሸ፤ ንድፉን ያወጣ ሰው በገዛ እጁ ይሥራው የሚል። ይህ ነገር ለሴቶች ምን ማለት እንደነበር አስቢው። በነባሩ የጌጥ ንግድ ሴቶቹ ሰንሰለት ያያይዛሉ፣ ይወለውላሉ። ንድፍ አውጥቶ፣ መጋዝ ይዞ፣ እሳቱ ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው መሥራት ግን የወንድ ነበር። በእጅ ሥራ ትምህርት ቤቶቹ በኩል ነው ብዙ ሴቶች ሾልከው የገቡት።

አስተማሪዋ ፍሬድ ፓርትሪጅ ይባላል። የቀንድ ሰው ነው። ከከብት ቀንድ ጌጥ መሥራትን ፋሽን ያደረገው የፓሪሱ ሬኔ ላሊክ ነበር። ቀንድን ከወርቅና ከኢናሜል ጋር አጋብቶ በ1900ው የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሰዉን ጉድ አሰኝቷል። የፓርትሪጅ ሥራ ላይ የላሊክ ጥላ አለ፣ የኤላ ሥራ ላይ ደግሞ የሁለቱም። ከካምበርዌል በኋላ ኤላ ዴቨን ውስጥ ብራንስኮም የምትባል መንደር ሄዳ ከፓርትሪጅ ጋር ሠራች። በ1910 ሠዓሊውን ቻርልስ ኔፐርን አገባች። በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ያለው ኮርንዋል ገቡ፤ ላሞርና ሸለቆ ውስጥ ቤት ሠርተው ተቀመጡ። ሎራና ባሏ ሃሮልድ ናይትም እዚያው ሠፈር መጡ። በ1972 ነው ያረፈችው።

ሕይወቷ ይህ ነው። አሁን ወደ እጇ ልምጣ፣ ዋናው እሱ ነውና።

ቀንድ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ የተጠማዘዘ፣ የሚከረፋ ነገር ነው። ጠፍጣፋ ሚዶ ለማውጣት መጀመሪያ ይቆረጣል፣ ከዚያ በሙቀት ይለሰልሳል፣ ከዚያ በሁለት ብረት መሐል ተጠፍጥፎ እስኪቀዘቅዝ ይጨቆናል። ሲሞቅ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ሽታው ልብስ ላይ ሰንብቶ ነው የሚለቀው። ቢገርምሽ ከፀጉርና ከጥፍር ጋር አንድ ሥጋ ነው፣ ኬራቲን ይሉታል። ጠፍጣፋ ከሆነ በኋላ ንድፉ ይለጠፍበታል። እንደ ክር በቀጠነ መጋዝ ይቦረቦራል፣ በሞረድ ይሞረዳል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። ሲሳሳ ብርሃን ያሳልፋል። የአበባ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ስስ፣ ግንዱ ላይ ወፈር አድርጎ የሚያወርደው ሰው ሳያስቀባ ቀለም አገኘ ማለት ነው። ወደ መስኮት ስታዞሪው ጫፉ የማር ቀለም ይሰጣል፣ ግንዱ ይጠቁራል። አንዲት ጭረት ከበዛች ደግሞ ጥርሱ ይሰበራል። ቀለም ቢሆን ፍቀህ ትቀባለህ፤ ቀንድ ይቅርታ አያውቅም።

ኢናሜሉ ሌላ ጣጣ ነው። ባለቀለም ብርጭቆ በሙቀጫ ውስጥ ከውኃ ጋር ይፈጫል። ውኃው እስኪጠራ ደጋግሞ ይታጠባል። እጥበቱ ላይ የሰነፈ ሰው ይታወቅበታል፤ ቀለሙ ደፍርሶ ይቀራል። እርጥቡ ዱቄት ብሩ ላይ በቀጭን ብሩሽ ይደረደርና በጨርቅ ጫፍ ውኃው ይመጠጣል። ደህና አድርጎ ሳይደርቅ ምድጃ ከገባ ውኃው ፈልቶ ዱቄቱን ይተፋዋል። ምድጃው 800 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ዱቄቱ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይጎረብጣል፣ ከዚያ ድንገት ይለሰልስና ያበራል። ያኔ ማውጣት ነው። ሲወጣ ትክክለኛ ቀለሙን አያሳይሽም፤ እየቀዘቀዘ ነው ቀስ ብሎ የሚመጣው። ቀይ ደግሞ አመለኛ ነው። ከሥሩ ቀለም አልባ ንጣፍ ካልተደረገለት ብር ላይ ወደ ቡናማ ያደላል። ከኋላም በኩል ኢናሜል መቀባት አለበት። ብረትና ብርጭቆ ሲቀዘቅዙ እኩል አይኮማተሩም፤ ከአንድ ወገን ብቻ ከተቀባ ይሰነጠቃል።

አሁን ጋሼ፣ ይህን ይስሙኝ። ቀንድ ምድጃ አይገባም። ስለዚህ ቀንድና ኢናሜል ያለበት ሚዶ ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። ኢናሜሉ ለብቻው በብረት ላይ ተቃጥሎ ያልቃል፣ ቀንዱ ለብቻው ይቀረጻል፣ ከዚያ በቀጭን ሚስማር ይያያዛሉ። ሁለቱ ልክ በልክ ካልገጠሙ የስንት ቀን ልፋት ገደል ገባ። ይህን ሁሉ በገዛ እጇ የምትሠራ ሴት «ቆመችላት» ብቻ ትባል? እሺ አልልም።

ደግሞም ሁለቱ ሴቶች አብረው ሠርተዋል። የሩሲያው ባሌት ቡድን፣ ባሌ ሩስ፣ በ1911 ለንደን ከመጣ ወዲህ ሎራ በዳንሰኞቹ ፍቅር ወድቃ ነበር። ከኤላ ጋር ሆና ዳንሰኞቹን በትንንሽ ኢናሜል ሠሯቸው። ሥራዎቹ በ1915 ለንደን፣ ፋይን አርት ሶሳይቲ በሚባለው ጋለሪ ታዩ። ሎራ ኢናሜል ስትፈልግ የሄደችው ወደ ኤላ ነው። አንዷ ሞዴል፣ አንዷ ሠዓሊ የሚለው ነገር እዚህ ላይ ይገለበጣል።

ባሕር ዳርቻ

ይህን ውይይት ሳነብ ቡናዬ ቀዘቀዘ። እኔ ኮርንዋል ተመላልሻለሁ፣ ስለ ቦታው ጥቂት ልጨምር።

ላሞርና ከፔንዛንስ በስተደቡብ ያለች ጠባብ ሸለቆ ናት። ወንዝ ይወርድባታል፣ ዛፍ ይበዛባታል፣ መጨረሻዋ ትንሽ የባሕር ወደብ ነው። ድሮ የግራናይት ድንጋይ ይወጣባት ነበር። ሠዓሊዎቹ ቀድመው የሠፈሩት ኒውሊን በምትባለው የአሣ አጥማጆች መንደር ነው። ናይቶችም በ1907 መጀመሪያ የመጡት ወደዚያ ነው፣ ኋላ ወደ ላሞርና ሄዱ። የፈረስ ሥዕል የሚወደው አልፍሬድ መኒንግስም እዚያ ነበር። ሳሙኤል ጆን በርች ደግሞ በርች ከሚባል ሌላ ሠዓሊ እንዲለይ የሸለቆዋን ስም በስሙ ላይ ጨምሯል፤ ላሞርና በርች ነው የሚባለው።

ስለ ሞዴል ጉዳይ፦ ሎራ በክፍያ የሚቆሙ ሞዴሎችን ከለንደን ታስመጣ ነበር። ባሕሩ ዳር ቋጥኝ ላይ ራቁታቸውን አቁማ ስትሥል የአገሬው ሰው ተንጫጭቷል። ኤላ ግን ከነዚያ አይደለችም። በወዳጅነት ነው የቆመችው።

ማየት ከፈለግሽ ፔንዛንስ ውስጥ ፔንሊ ሃውስ የሚባል ጋለሪና ሙዚየም አለ። የኒውሊንና የላሞርና ሠዓሊዎች ቤት ማለት ነው። ከለንደን ፓዲንግተን በባቡር አምስት ሰዓት ያህል ትቀመጫለሽ። ያላቸው ሁሉ ሁሌም ተሰቅሎ አይገኝም፤ ያስለዋውጡታል። ከመሄድሽ በፊት ጻፊላቸውና ጠይቂ።

የሰኞ ጎብኚ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እሳትና ብርጭቆ፣ እህቴ፣ እንዲህ ተብሎ የተነገረኝ ነገር የለም። ሁለተኛ ጥያቄ አመጣሽብኝ።

አንድ የድሮ ዕቃ ገበያ ላይ የቀንድ ሚዶ አይቻለሁ። የውኃ ተርብ ተቀርጾበታል። ሻጩ «የኤላ ኔፐር ነው» ይላል። ምልክት የለውም። ለምን ስለው «የእጅ ሥራ ስለሆነ ነው» አለኝ። እንዴት ነው የሚታወቀው?

አሮጌ ብሩሽ

እኔም ከመሸነፌ በፊት አንድ ነገር ልበል። ቀንዱ የደከመችበት መሆኑን አሁን ተረድቻለሁ። ግን ልፋት ብቻውን ጥበብ አያደርግም። ዋሻ የቆፈረም ለፍቷል።

ለሴትዮዋ ግን ሌላ የምጨምርላት አለኝ። ቴት በሚባለው የእንግሊዝ ጋለሪ የሚገኘው የሎራ ሥዕል፣ «ጸደይ» የሚባለው፣ እሱ ላይ የምናያቸው ሰዎች ኤላና ባሏ ቻርልስ ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በ1916 የጀመረችው ነው፤ እስከ 1920 ድረስ ነካክታዋለች። ያኔ ወታደራዊው ሕግ በባሕር ዳርቻው ሥዕል መሣልን ያግድ ነበር፣ ለዚያም ነው ሠዓሊዎቹ የተቸገሩት። ፊቷን ማየት የፈለገ እዚያ ይሂድ።

እሳትና ብርጭቆ

ጋሼ፣ ልፋት ብቻውን አላልኩም። ቀንዱን ጫፉ ላይ አሳስቶ ብርሃን ማስገባት ውሳኔ ነው፤ የት ላይ እንደሚሳሳ የሚያየው ዓይን ነው። እርስዎ ቀለም ሲያቀጥኑ ጥበብ፣ እሷ ቀንድ ስታቀጥን ጉልበት? በዚህስ አንስማማም። «ጸደይ»ን ስላነሱት ግን አመሰግናለሁ።

የኤላ ስም ለምን እንደደበዘዘ ግን ይመስለኛል ምክንያቱ ተራ ነው። ሥዕል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ስም ይጻፍበታል፣ ካታሎግ ይገባል። ሚዶ ፀጉር ላይ ይዋላል፣ ጥርሱ ይሰበራል፣ መሳቢያ ውስጥ ይረሳል። በ1920ዎቹ ደግሞ ሴቶች ፀጉራቸውን አጭር ተቆረጡ። ያ ሁሉ ትልልቅ የፀጉር ጌጥ አጭር ፀጉር ላይ ምን ይሠራል? በዚያው ዘመን ኤላ ሸክላ ውስጥ ገብታ ነበር። ከእንስሳት ሠዓሊዋ ኬት ዌስትረፕ ጋር ላሞርና ውስጥ የሸክላ ሥራ ቤት ከፈቱ። እንደገና እሳት፣ እንደገና ቀለም ያለው ብርጭቆ፤ የሸክላ ማንጸባረቂያም እኮ ከኢናሜል የተለየ ነገር አይደለም። ያች ሴት ምድጃ አትጠላም ነበር።

የሰኞ ጎብኚ፣ ወደ ሚዶሽ ልምጣ። ምልክት የለውም ማለት ምንም ማለት አይደለም። እንግሊዝ አገር በሕግ የተደነገገው ማኅተም የሚመታው በወርቅ፣ በብርና በመሳሰሉት ክቡር ብረቶች ላይ ነው። ቀንድ ላይ ይህ ማኅተም አይመታም። ስለዚህ የሻጩ መልስ ወሬ ነው።

መጀመሪያ ቀንድ መሆኑን እይ። ወደ ብርሃን ስታነሺው እንደ እንጨት የሚሄድ ጭረት ታያለሽ፣ ቀለሙም እኩል አይሆንም። ሴሉሎይድ ከሆነ አስመስለው ያተሙት ነው፤ ጥለቱ ይደጋገማል፣ ጠርዙ ላይ የቅርጽ ማውጫው መስመር ሊኖር ይችላል። በጣትሽ አሽተሽ ስታሞቂው ካምፎር ይሸታል። አንዳንዱ «የጋለ መርፌ ንኪበት» ይልሻል። እንዳታደርጊው! ሴሉሎይድ እሳት ያነሳል፣ ቀንድም ቢሆን ጠባሳ ይቀርበታል። ከዚያ ጥርሶቹን መሐል ለመሐል እይ። በእጅ መጋዝ የወጣ ከሆነ የመጋዙ ዱካ አይጠፋም፣ ጥርሶቹም ፍጹም እኩል አይሆኑም።

ቀንድ ሆነ እንበል። የኤላ ለመሆኑ ግን ገና ነው። የውኃ ተርብ በዚያ ዘመን ሁሉም ሠርቶታል፣ ላሊክም ጭምር። አስተማሪና ተማሪ በአንድ ቤት፣ በአንድ ቀንድ፣ በአንድ ዓይነት ንድፍ ሲሠሩ በዓይን ብቻ መለየት ከባድ ነው። ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት፣ የድሮ ፎቶ፣ ወይም የሷ መሆኑ ከተረጋገጠ ሥራ ጋር ጎን ለጎን ማነጻጸር ያስፈልጋል።

የሰኞ ጎብኚ

ሄጄ ጠየቅሁት። ወረቀት የለውም። «ኮርንዋል ከሚገኝ ቤት ነው የገዛሁት» ነው ያለኝ። ቀንድ ግን ነው፤ ጭረቱን አየሁት፣ የመጋዙንም ዱካ። አንዱ ጥርስ ጎን ላይ ትንንሽ የተበሉ ጉድጓዶች አሉት። በጣም ነው ያማረኝ። ልግዛው?

እሳትና ብርጭቆ

ኮርንዋል ውስጥ ብዙ ቤት አለ እህቴ። ካማረሽ ባለቤቱ እንዳልታወቀ ሚዶ ተደራድረሽ ግዢው። ለኤላ ስም ብለሽ ግን አንዲት ፔኒ አትጨምሪ።

የተበሉት ጉድጓዶች የነፍሳት ሥራ ናቸው፤ ፀጉርና ሱፍ የሚበሉ እጮች ቀንድም ይበላሉ። ሴሉሎይድ ስለማይበሉ በዚያ በኩል እንኳን ደስ ያለሽ። ገዝተሽው ቤት ስትገቢ ጉድጓዶቹን በአጉሊ መነጽር እይና በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ጥረጊው። ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፊው፣ ይጣመማል። ማሞቂያ አጠገብም አታኑሪው፣ ይሰነጠቃል። ከሹራቦችሽ ጋር ደግሞ አንድ መሳቢያ አታስገቢው፤ ብል ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል።